ቀዩ ቦሎቄ የማን ጥፋት ነው?

ሳፋ ውስጥ 3,200 ነጭና 800 ቀይ ቦሎቄ ተደባልቆ ቀርቧል። አጠገቡ አናጢ የቦረቦራት ትንሽ ጣውላ አለች፤ በአምስት ረድፍ አሥር አሥር ሆነው የተደረደሩ 50 ጎድጓዳ ስፍራዎች አሏት። ለሥልጠና ከተሰበሰበው ሰው መካከል ስድስቱ «ሠራተኛ» ተብለው ተመርጠዋል። ሥራቸው ጣውላዋን ቦሎቄው ውስጥ ማጥለቅ፣ በየጉድጓዱ አንዳንድ ፍሬ ሲቀመጥ ዘንበል አድርጎ ማውጣትና ለተቆጣጣሪዎች ማሳየት ነው። ነጩ ደህና ምርት ነው፤ ቀዩ ብልሽት። አለቃ ሆኖ የሚጫወተው አሠልጣኝ ገና ከመጀመሩ ቁርጡን ይናገራል፦ «ደንበኛችን ቀይ አይቀበልም። ነጭ ብቻ አውጡልኝ።» በእጅ መልቀም ግን ክልክል ነው።

የመጀመሪያው ቀን ውጤት ለምሳሌ 9፣ 5፣ 12፣ 15፣ 8 እና 10 ቀይ ሆነ እንበል። አለቃው 5 ያወጣችውን ሠራተኛ ያስጨበጭብላታል፤ የደሞዝ ጭማሪም ይገባታል ይላል። 15 ያወጣውን ደግሞ ሰው ፊት አቁሞ ይቆጣዋል፦ «እሷ የሠራችበት ሳፋ ነው፣ አንተም የሠራህበት። ልብህ የት ሄዶ ነው?» በሁለተኛው ቀን ቁጥሩ በዚያው ተራ 11፣ 12፣ 9፣ 8፣ 14 እና 7 ሆኖ ይመጣል። የተመሰገነችው ከ5 ወደ 12 ወጣች፤ የተወቀሰው ከ15 ወደ 8 ወረደ። አለቃው ታዲያ የሥራ አመራር ምስጢር የገባው ይመስለዋል፦ ምስጋና ሰው ያዘናጋል፣ ቁጣ ግን ያነቃል።

በሦስተኛው ቀን «ዛሬ ብልሽት ዜሮ!» የሚል መፈክር ይለጠፋል። ቀዩ እንደ ወትሮው ይወጣል። በአራተኛው ቀን ማብቂያ ሦስቱ «ደካሞች» ይሰናበቱና ሦስቱ «ጎበዞች» የሁለት ሰው ሥራ እንዲሠሩ ይደረጋል። በዚህም የተሻለ ነገር አይመጣም፤ ድርጅቱ ይዘጋል። ጨዋታው እዚህ ላይ ያበቃል።

እስከዚህ ድረስ ሰው ይስቃል። ሳቁ የሚቆመው አሠልጣኙ አለቅነቱን ትቶ አንድ ጥያቄ ሲጠይቅ ነው፦ 15 ያወጣው ሰው ምን ቢያደርግ ኖሮ 5 ያወጣ ነበር? መልስ የለም። ሳፋው ውስጥ ከመቶ ሃያው ቀይ ነው። ሃምሳ ፍሬ የሚያወጣ ሰው በአማካይ 10 ቀይ ያወጣል፤ አንዳንዴ 6፣ አንዳንዴ 14። ይህን መዋዠቅ የፈጠረው ሳፋው እንጂ የሰውየው ስንፍና አይደለም። አንድ ቀን በጣም ጥሩ ወይም በጣም መጥፎ ውጤት ያመጣ ሰው በማግሥቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አማካዩ ይጠጋል፤ ቢመሰገንም ቢሰደብም ያው ነው። የአለቃው «ምስጢር» ምንጩ ይኸው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ስንት ሰው እንዲህ ባለ ስሌት እንደተወቀሰና እንደተሸለመ ሳስብ ያመኛል።

ሂሳቡ አንድ ወረቀት አይሞላም። የሁለቱ ቀን 12 ቁጥሮች ሲደመሩ 120 ናቸው፤ አማካዩ 10። ሃምሳን በ0.2፣ እሱን ደግሞ በ0.8 ስናባዛ 8 እናገኛለን። የ8 ስኩዌር ሩት 2.83 ገደማ ነው፤ ሦስት እጥፉ 8.5። ከ10 ላይ 8.5 ስንቀንስ 1.5፣ ስንደምር 18.5። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የሂደቱ የታችኛውና የላይኛው የቁጥጥር ወሰን ይባላሉ። ወረቀት ላይ አማካዩን መሐል፣ ሁለቱን ወሰኖች ከላይና ከታች አስምረን የየቀኑን ነጥብ ብናስቀምጥ ሁሉም መስመሩ ውስጥ ይገባል። 5ቱም፣ 15ቱም። የተሸለመችውና የተወቀሰው ሰው በሥራ አይለያዩም ማለት ነው። ይህ ወረቀት የቁጥጥር ቻርት ይባላል፤ የስታቲስቲካዊ የሂደት ቁጥጥር ዋና መሣሪያም እሱ ነው።

ቻርቱን የፈለሰፈው ዋልተር ሹዋርት የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1924 የስልክ ዕቃ አምራች በነበረው ዌስተርን ኤሌክትሪክ ውስጥ ለአለቃው አንድ ገጽ ያህል ማስታወሻ ከንድፍ ጋር ጻፈ። ሐሳቡ መዋዠቅን ሁለት ቦታ ይከፍላል። አንደኛው ሁልጊዜ ያለ፣ ከአሠራሩ ከራሱ የሚመነጭ ነው፤ የተለመደ መንስኤ እንለዋለን። ሁለተኛው አንድ ነገር ተለውጦ የሚመጣ ነው፤ የተሰበረ የማሽን ጥርስ፣ ያረጀ እርሾ፣ ሥራውን ያልለመደ ሰው። እሱ ልዩ መንስኤ ነው። ልዩ መንስኤ ሲታይ ያኔውኑ ሄዶ መፈለግ ያዋጣል። የተለመደው መዋዠቅ ግን አሠራሩ ራሱ እስኪሻሻል ድረስ አይቀንስም፤ አሠራሩን የማሻሻል ሥልጣን ደግሞ ያለው ሠራተኛው ዘንድ ሳይሆን አለቃው ዘንድ ነው። ሹዋርት ይህን ሲያጠና ቁጥር የተጻፈባቸው ትናንሽ ክብ ቁራጮችን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀላቅሎ አራት አራት እያወጣ ይመዘግብ ነበር። ትምህርቱ ከጥንስሱ ጀምሮ በእጅ ነክቶ የሚታይ እንደነበር ልብ ይሏል።

የቀይና የነጭ ጨዋታውን በዓለም ያስተዋወቁት አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዊሊያም ኤድዋርድስ ዴሚንግ ናቸው። እሳቸው በዶቃ ነበር የሚያሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1993 እስኪያርፉ ድረስ በአራት ቀን ሴሚናሮቻቸው ራሳቸው አለቃ ሆነው ይጫወቱ፣ ጣውላዋ በ44 ዲግሪ ዘንበል ትበል እያሉ ያዝዙ ነበር። ድርጅቱ የማይረባ ነገር ላይ ሲበዛ ጥብቅ መሆኑን ለማሳየት ነው። ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄደው ለመሐንዲሶችና ለፋብሪካ ኃላፊዎች ይህንኑ ዘዴ አስተማሩ። በማግሥቱ ዓመት ጃፓኖቹ በስማቸው ሽልማት አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ደግሞ ካኦሩ ኢሺካዋ ግንባር ቀደም የሆነበት የጥራት ቡድን እንቅስቃሴ መሣሪያውን ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ ወደ ተራው ሠራተኛ እጅ አወረደው።

ወደ እኛ የመጣውም በዚያው በጃፓን በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓን በቱኒዚያ የሠራችውን የካይዘን፣ ማለትም ያለማቋረጥ የማሻሻል፣ ሥራ ካነበቡ በኋላ ኢትዮጵያም እንዲህ ያለ ድጋፍ እንድታገኝ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት፣ በጃይካ፣ ድጋፍ በ30 አምራች ድርጅቶች ሙከራ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ዛሬ ፋብሪካ የገባ ሰው ሁሉ አምስቱን «ማ»ዎች ያውቃል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። መልካም ነው፤ የጠራ የሥራ ቦታ ብዙ ነገር ይገልጣል። ነገር ግን ካይዘን መጥረጊያና የቀለም መስመር ብቻ አይደለም። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ይህ የቁጥጥር ቻርት ነው፤ በአገራችን የካይዘን ወሬ ውስጥ ግን ስሙ እምብዛም አይነሳም። ምክንያቱ ይገባኛል። ማጽዳት በዓይን ይታያል፤ ቻርቱ ግን በሰሌዳ ላይ ቀመር ሆኖ ከቀረበ ከሠልጣኙ ግማሹ ገና በስኩዌር ሩቱ ላይ ይለያል። እኔ ቦሎቄው ይቅደም የምለው ለዚህ ነው። እጁ 15 ቀይ አውጥቶ ሰው ፊት የተወቀሰ ሰው፣ ቀመሩ ሲመጣ የሚያነበው የራሱን ክርክር አድርጎ ነው።

ትምህርቱ የሚያስፈልግበት ፋብሪካ ሩቅ አይደለም። ወሎ ውስጥ ከሐይቅ ከተማ ተነስቶ በደሴ አድርጎ ኮምቦልቻ ለመድረስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፣ የቢራ ፋብሪካ አለ፣ የብረታ ብረት ፋብሪካ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚያው ነው። ከተሁለደሬና ከአምባሰል የሚወጣ ወጣት ሥራ ፍለጋ ወዴት ያቀናል ቢባል አንዱ አቅጣጫ ያ ነው። በክር ፋብሪካ ውስጥ የታወቀ ርዝመት ያለው ክር እየተቆረጠ ይመዘናል፤ ክብደቱ ሲዋዥቅ ውፍረቱ ዋዠቀ ማለት ነው። ያንን ቁጥር የሚመዘግበው ወጣት ማሽኑን መቼ ማስቆም፣ መቼ መተው እንዳለበት ካላወቀ መዝገቡ ወረቀት ከማበላሸት አያልፍም።

መቼ መተው የሚለው ከሁሉ የከበደ ትምህርት ነው። ለእሱ ሌላ ሙከራ አለ፤ ዘይት የምንገለብጥበት ፈነልና አንድ ብይ ይበቃሉ። ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ይነጠፍና መሐሉ ላይ ነጥብ ይደረጋል። ፈነሉ ከነጥቡ በላይ በማቆሚያ ይታሰራል። ብዩ በፈነሉ ሲለቀቅ ነጥቡን ስቶ ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ያርፋል፤ ያረፈበት ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል። ፈነሉን ሳይነኩ ሃምሳ ጊዜ ቢለቁት ምልክቶቹ ነጥቡን ከበው አንድ ክብ ይሠራሉ። ይህ የመጀመሪያው ደንብ ነው፤ አለመንካት።

ሁለተኛው ደንብ የታታሪ ሰው ደንብ ነው። ብዩ ሁለት ጣት ወደ ቀኝ ከሳተ፣ ፈነሉን ካለበት ሁለት ጣት ወደ ግራ ማንቀሳቀስ። ከእያንዳንዱ ስህተት በኋላ ማረም። ክቡ ይጠባል ብሎ ያልጠበቀ ሠልጣኝ አይገኝም። ሲሠሩት ግን ክቡ ይሰፋል፤ ዲያሜትሩ ከመጀመሪያው 41 በመቶ ገደማ የሰፋ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ብዩ የሳተው በዕድል እንጂ ፈነሉ ተንጋድዶ አልነበረም። የዕድልን ስህተት እንደ ፈነል ስህተት ቆጥረን ስናርም፣ በቀጣዩ ዕድል ላይ የራሳችንን ስህተት እንጨምርበታለን። ሦስተኛው ደንብ እርማቱን ከፈነሉ ቦታ ሳይሆን ከነጥቡ እየለካ ያደርጋል፤ ብዩ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው እየተወረወረ ይርቃል። በአራተኛው ደንብ ፈነሉ ብዩ መጨረሻ ያረፈበት ላይ ይቆማል፤ ምልክቱ ከነጥቡ ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳይታወቅ እየኮበለለ ይቀራል። አናጢ ሁለተኛውን የበርጩማ እግር በመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን በሁለተኛው፣ አራተኛውን በሦስተኛው ለክቶ ሲቆርጥ የሚሠራው በአራተኛው ደንብ ነው። አዲስ ሠራተኛ ከገባ ወር ባልሞላው ሠራተኛ ሥራ ሲማር፣ እሱም በተራው ሌላውን ሲያስተምርም እንዲሁ።

ሁለተኛውን ደንብ ዳቦ ቤት ውስጥ ማየት ቀላል ነው። አንዱ ድብልብል ሊጥ 94 ግራም ሲመዝን ቆራጩ በሚቀጥለው ላይ ይጨምራል፤ 107 ሲመጣ ይቀንሳል። ሳያርፍ ያስተካክላል፤ ባስተካከለ ቁጥር ዳቦው ይበልጥ ይለያያል። ያለማሰለስ የሚደክም ሰው ነውና ወቀሳ አይገባውም፤ የሚያስፈልገው የትኛውን ቁጥር ችላ እንደሚል የሚነግረው ወረቀት ነው። በየሰዓቱ አምስት ድብልብል ይመዝን። የአምስቱን አማካይ አንድ ነጥብ፣ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለውን ርቀት ሌላ ነጥብ ያድርግ። ሃያ ያህል ሰዓት ሲመዘገብ ጠቅላላ አማካዩ 100 ግራም፣ የርቀቱ አማካይ 8 ግራም ሆነ እንበል። አምስት አምስት ለሚመዝን ሰው የተዘጋጀው ቋሚ ቁጥር 0.577 ነው፤ በ8 ሲባዛ 4.6። ስለዚህ የሰዓቱ አማካይ ከ95.4 እስከ 104.6 እስካለ ድረስ ምንም አይነካ። ከዚያ ሲወጣ ብቻ ይቁምና ምን እንደተለወጠ ይጠይቅ፦ ዱቄቱ ነው? ሚዛኑ ነው? የቆረጠው ሰው ተቀይሯል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚምታታበትን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የቁጥጥር ወሰን ማለት ሂደቱ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ነው፤ ገዢው ወይም ደንቡ የሚፈልገው ክብደት ሌላ ነው። አማካዩ 100 ግራም የሆነ ዳቦ ቤት በቁጥጥር ሥር ቢሆንም ከዳቦው ግማሹ ከ100 በታች ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል ከ100 እንዳያንስ ከተፈለገ ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። 8 ለ2.326 ሲካፈል 3.4 ገደማ ይሆናል፤ የአንድ ድብልብል ስታንዳርድ ዴቪየሽን ነው። ሦስት እጥፉ 10 ግራም ያህል ነውና አማካዩን ወደ 110 ከፍ ማድረግ ግድ ይላል። መዋዠቁ በግማሽ ቢጠብ ግን 105 ይበቃል። በእያንዳንዱ ዳቦ 5 ግራም ሊጥ፤ በቀን 2,000 ለሚጋግር ቤት 10 ኪሎ ሊጥ በየቀኑ። ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው፤ ባለቤቱን ለማሳመንም ከቦሎቄው ይልቅ ይህ ስሌት ይቀናል።

ሌላም መሣሪያ አለ። ጣውላ ላይ ምስማር በየረድፉ እያፈራረቁ መትቶ፣ ከግርጌው ጠባብ ጠባብ ክፍል ሠርቶ፣ ከላይ የደረቀ አተር ማፍሰስ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ በየምስማሩ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እየተገፋ ይወርድና ክፍሎቹ ውስጥ መሐሉ ከፍ፣ ዳር ዳሩ ዝቅ ያለ ክምር ይሠራል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ይህን ጣውላ የገለጸበት መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው፤ አምባሰል ውስጥ የውጫሌ ውል በተፈረመበት ዓመት መሆኑ ነው። ጣውላው መዋዠቅ ከብዙ ጥቃቅን ምክንያቶች ተጠራቅሞ እንዴት ቅርጽ እንደሚይዝ ያሳያል። ጊዜ ያጠረው አሠልጣኝ ቢዘለው ብዙ አይጎዳም።

ቦሎቄውን የሚያዘጋጅ ሰው ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንደኛ፣ ቀዩና ነጩ በመጠን የሚቀራረቡ ይሁኑ፤ ቀዩ ወፍራም ከሆነ ሲነቀነቅ ወደ ላይ ይወጣና ቁጥሩን ያጣምማል። ዴሚንግም በዶቃው ቁጥሩ ከሚጠበቀው ሊዛባ እንደሚችል አይተዋል። በተለያየ ዘመን አራት ጣውላዎች ተጠቅመው የረጅም ጊዜ አማካያቸው 11.3፣ 9.6፣ 9.2 እና 9.4 መጣላቸው። ዶቃው ሃያ በመቶ ቀይ ስለሆነ መልሱ 10 ነው የሚል ሰው ሳፋውንና ጣውላውን ረስቷል ይሉ ነበር። እውነተኛው አማካይ የሚገኘው ከሥራው ከራሱ ሲለካ ነው። ሁለተኛ፣ አለቃው ቁጣውን ይለካ። እኛ አገር ሰው ፊት መዋረድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ታላቅ ሰው ወይም አፋር ልጅ «ሠራተኛ» ሆኖ ከወጣ አሠልጣኙ ጨዋታ መሆኑን አስቀድሞ መናገር፣ ሲያበቃም ይቅርታ መጠየቅ አለበት። ትንሽ መቆጥቆጡ ግን መቅረት የለበትም፤ ትምህርቱን የሚያስታውሰው ያ ነው።

ወሰኖች ለዘለዓለም አይሰመሩም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወደ ደሴና ኮምቦልቻ በዘለቀ ጊዜ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ማሽኑ ተጠግኖ፣ መለዋወጫው ተቀይሮ፣ አዲስ ሰው ተቀጥሮ ሥራ ሲጀመር ሂደቱ ሌላ ሂደት ነው። የድሮውን መስመር አንጠልጥሎ አዲሱን ሠራተኛ በሱ መዳኘት ትልቅ በደል ነው። ከዜሮ ተነስቶ መለካት፣ ሃያ ሃያ አምስት ነጥብ መሰብሰብ፣ ወሰኑን እንደገና ማስመር ይገባል።

ሥልጠናው በቦሎቄው ካበቃ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። በማግሥቱ እያንዳንዱ ሰው ከገዛ ሥራው ሃያ ቁጥር ይዞ መምጣት አለበት። ሐይቅ ላይ ከሆነ ዓሣ አስጋሪው የየቀኑን ምርት ይዞ ይምጣ። እ.ኤ.አ. በ1978 ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው ቆሮሶ የተባለ ዓሣ ዛሬ የብዙ ቤት እንጀራ ነው፤ ምርቱ ቀነሰ አልቀነሰም የሚለው ክርክርም በየጊዜው ይነሳል። የአንድ ጀልባ የቀን አማካይ 40 ኪሎ፣ ከአንዱ ቀን ወደ ሚቀጥለው ያለው ልዩነት በአማካይ 9 ኪሎ ነው እንበል። በቀን አንድ ቁጥር ብቻ ለሚመዘግብ ሰው ቋሚው 2.66 ነው፤ በ9 ሲባዛ 24 ገደማ። ወሰኑ ከ16 እስከ 64 ኪሎ ሆነ። 22 ኪሎ የተያዘበት ቀን ቢከፋም ወሬ አይሆንም፤ መረብ አያስለውጥም፣ ጎረቤትን አያስጠረጥርም። ነገር ግን ስምንት ቀን በተከታታይ ከ40 በታች ከሆነ፣ አንዱም ቀን ከ16 ባይወርድ እንኳ፣ ይህ በዕድል ሊመጣ የሚችለው ከ256 አንዴ ነው። ያኔ አስጋሪዎቹ ቻርቱን ይዘው ቢቀመጡና ከውኃው፣ ከመረቡ ዓይን ወይም ከጀልባው ብዛት ምን እንደተለወጠ ቢጠያየቁ የሚነጋገሩበት ተጨባጭ ነገር አላቸው።